ነፍስ አድንና የአናጢው ክንድ

ክፉ የሠራብህን ሰው መሸሽ ይቻላል። ሰላምታ ትነፍገዋለህ፣ መንገድ ትቀይርበታለህ፣ ስሙ ሲነሳ ፊትህን ታዞራለህ፤ በቃ፣ አለቀ። ማምለጫ የሚጠፋው አንድ ቀን ደግ ከሠራልህ ሰው ነው። ያውም ደግነቱን ለቅጽበት የማይረሳ ከሆነ፤ ያውም ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮህ የሚውል ከሆነ፤ ያውም ደግሞ የሚስትህ ታላቅ ወንድም ከሆነ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ አለ ቢባል ማን ያምናል? አንዱ ሥራ ያስቀጠረህ ነው፤ አንዱ በልጅነትህ ከወንዝ ጎትቶ ያወጣህ ነው፤ አንዱ ዝናብ ሲመታህ ጃንጥላውን ያዋሰህ ነው። ጃንጥላውን ከመለስክለት ዓመታት አልፈዋል፣ ዝናቡ ግን እስከ ዛሬ አላባራም። እሱ ባይኖር አንተ የለህም። አንተ ብትረሳው እሱ ያስታውስሃል፤ አንተን ብቻም አይደለም፤ የአጎትህን ልጅ፣ አዲሱን ጎረቤት፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠውን መንገደኛ ሁሉ ያስታውሳል።

ለአናጢው የደረሰው ነፍስ አድን ነው። ይህ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩበት የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ቫርኒሽ ቀቢው ለሹፈት የለጠፈበት ነው፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሰው "ነፍስ አድን!" ብሎ ሲጠራው ቀና ብሎ፣ የካኪ ጋዋኑን ቁልፍ አስተካክሎ ነው "አቤት" የሚለው። ሥራው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ያስገባል፣ ያወጣል። ከደረት ኪሱ ግን ተጣጥፎ የተቀመጠ ነጭ ጨርቅ ብቅ ይላል። የማያውቅ ሰው መሐረብ ይመስለዋል። መሐረብስ ለተራ ሰው ነው። ክቡርነቱ የሚይዘው ባለሦስት ማዕዘን ፋሻ ነው፤ አናጢው በተሰበረ ጊዜ ክንዱ የታሰረበት፣ ያው እሱ ራሱ፣ ታጥቦ፣ ተሰፍቶና ተተኩሶ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዝናብ አዳሩን ሲወርድ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ አናጢው ለትልቅ ቁም ሣጥን የሚሆን ጣውላ ሊያወርድ ከተቆለለው ላይ ወጣ። ከላይኛው ጣውላ ላይ ውሃ ተኝቶበት ኖሮ እግሩን አንሸራተተው። መሬቱን በግራ ክንዱ ተቀበለው። ቋ ሲል በራሱ ጆሮ ሰማው።

ሠራተኛው ሁሉ እየሮጠ መጣ። መጥቶም ቆመ። ቫርኒሽ ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ቆመ፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። "አትንኩት!" ይላል አንዱ። "ውሃ አጠጡት!" ይላል ሌላው። "ኧረ ውሃ እንዳታጠጡት!" ትላለች ሌላዋ። አዛዥ እንደ አሸን ፈላ፤ እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ። አናጢው ከጭቃው ላይ ሆኖ ቀና ሲል የሚያየው ጫማ ብቻ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ነፍስ አድን ሰዉን በክርኑ እየገፋ የመጣው። ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ታቅፏል። ያቺ ሳጥን ትከፈታለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከፈታት፤ ውስጧ የደረቀ አዮዲን፣ አንድ መቀስና ከነላስቲኩ የተቀመጠ ፋሻ አገኘ። ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ። ፋሻውን እንደ ገመድ ጠመዘዘው፣ ስብራቱ ላይ ዙሪያውን ጠፈረው፣ በጉልበቱ ተደግፎ ስቦ ቋጠረው፣ የተረፈውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። አናጢው ጮኸ። "አይዞህ፣ ሲያምህ እየሠራ ነው ማለት ነው" አለው ነፍስ አድን። ከዚያ ዕቃ ማድረሻው ፒክአፕ ላይ አሳፍሮት ወደ ሆስፒታል በረሩ።

የአጥንት ሐኪሙ ፋሻውን ሲያይ ገና ራጁን ሳያነሳ መቀስ ጠየቀ። የአናጢው ጣቶች አብጠው ወይን ጠጅ መስለዋል።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?"

"የሚስቴ ወንድም።"

"ተጣልታችኋል እንዴ?"

አናጢው ሊስቅ ሞከረ፤ ሕመሙ ከለከለው። ሐኪሙ ቆርጦ ከፈታው በኋላ፣ ጎበዝ አስተማሪ እንደሚያደርገው፣ ሌላ ንጹሕ ፋሻ አንስቶ አሳየው። ፋሻ ክንድ ለማነቅ ሳይሆን ለመሸከም ነው አለው። ሰፋ ተደርጎ ይዘረጋል፤ ክንዱን እንደ ሕፃን ያቅፈዋል፤ መዳፉ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቋጠሮው ማጅራት ላይ ሳይሆን ወደ ትከሻ ጎን ይውላል፤ ጣቶቹ ደግሞ ከውጭ ሆነው መታየት አለባቸው፤ ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ ቶሎ ይላላል። "ትንሽ ብትዘገይ ስለ ክንድህ ሳይሆን ስለ ጣቶችህ ነበር የምናወራው" አለው። "አሁንም እነዚህ ሁለቱ መመለሳቸውን እንጃ።" ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን ነካ ነካ አደረጋቸው።

አናጢው ጄሶ ታስሮ ሲወጣ ነፍስ አድን ኮሪደሩ ላይ ነበር። ክራንች ለያዙ አንድ ሽማግሌና ልጅ ለታቀፈች አንዲት ሴት አስቀድሞ እየተረከላቸው ነው። አናጢውን ሲያይ ብድግ አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

"ምን አሉ? ስለ አስተሳሰሬ ምን አሉ?"

አናጢው ያንን ጭቃ አየ።

"ጥሩ ነው አሉ ጋሼ።"

"ጥሩ ብቻ?"

"በጣም ጥሩ።"

እነዚህን ሁለት ቃላት ተናግሮ የዕድሜ ልክ ፍርዱን ራሱ ላይ ፈረደ።

መጀመሪያ አካባቢ ታሪኩ ልኩን አላለፈም። ወደቀ፣ አሰርኩት፣ ዳነ። ትንሽ ቆይቶ ደም ገባበት፤ ያን ቀን አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰችም። ቀጥሎ አጥንቱ ቆዳ በስቶ ወጣ። ቀጥሎ ሐኪሙ እስከ ኮሪደር ድረስ መጥቶ "እጅዎን ልጨብጥ" አለው። ይህንን ሁሉ የሚያወራው አናጢው በሌለበት ቢሆን ባልከፋ። አጠገቡ አስቀምጦት ነው። ሲጨርስ ወደ እሱ ዞሮ ክንዱን ከፍ ያደርግና፣

"ይቺ ክንድ የማን ናት?" ይለዋል።

"ያንተ ናት ጋሼ።"

ካላለ ምግብ አይቀርብም፣ ጨዋታ አይቀጥልም፣ ሰዉም ዓይኑን ከላዩ ላይ አያነሳም።

ሠርግ ላይ ብርጭቆ ሲያነሳ "አያችሁ? አያችሁ ሲያነሳ?" ይባላል። ለቅሶ ቤት ሄደው፣ ባሏ የሞተባት ሴት አጠገብ ተቀምጠው፣ ነፍስ አድን ጎንበስ ብሎ "የኔ እህት፣ እኔ በሰዓቱ ብደርስ ኖሮ..." ሲላት አናጢው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሟቹ የሞተው በስኳር በሽታ ነበር። ነፍስ አድን መደርደሪያ ሲያስፈልገው፣ የበሩ ማጠፊያ ሲወልቅ፣ አልጋው ሲያረጅ፣ እሑድ እሑድ ማለዳ አናጢው ደጅ ቆሞ "ክንዳችን ዛሬ ሥራ ፈትታለች እንዴ?" ይላል። ክንዳችን ሥራ ፈትታ አታውቅም። የዚያ ሰው ቤት ውስጥ ካለው እንጨት አናጢው ያልሠራው የመጥረጊያው እጀታ ብቻ ነው።

ሁሉም ሰው እትዬ የሚላቸው የድርጅቱ ባለቤት ፎርማን ሊሾሙ ያሰቡ ጊዜ ደግሞ ሹመቱ ለአናጢው ነው እየተባለ ይወራ ነበር። እትዬ ስለ ጠባዩ ለመጠየቅ ነፍስ አድንን ቢሮ አስጠሩት። ዘመዱ ነው፤ አሳምሮ ይመሰክርለታል ብለው ነው። መሰከረም። ከቢሮ ሲወጣ ፊቱ ያበራ ነበር። "ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው፤ እንዴት እንደተሰበርክ፣ አጥንትህ እንዴት እንደወጣ፣ እኔ ባልኖር እንዴት ትሆን እንደነበር፣ ሁሉንም!" አለው። እትዬም ሁሉንም ሰምተው፣ እንዲህ ተሰባብሮ የተጠገነን ሰው ከባድ ኃላፊነት ማሸከም ግፍ ነው ብለው ሌላ ሰው ሾሙ። ነፍስ አድን ከልቡ አዘነ። "አይዞህ፣ ዋናው ጤና ነው" ብሎም አጽናናው።

ጣቶቹስ? ሁለቱ ጣቶች አልተመለሱም። ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን ጉልበት የላቸውም፤ ስሜትም የላቸውም። አንድ ቀን የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ እንጨቱ ቀላበት። ምን ነካው ብሎ ሲያይ ትንሿን ጣቱን እስከ ሥጋው ፈግፍጓታል፤ አልተሰማውም። ማን ቢያገኘው ጥሩ ነው? ነፍስ አድን! ጣቷን አጥቦ አሰራት። በሚቀጥለው ድግስ ላይ ታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ነበረው።

ታዲያ አናጢው ለምን ዝም አለ? እሱም አያውቀው። ስንት ጊዜ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" ብሎ ጀምሯል። ሰውየው ግን ያንን ክንድ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚወጣው ብርሃን ምላሱን ያስረዋል። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ከግምጃ ቤቱ ቁልፍ በቀር የሚያዝበት ነገር የለውም። ያለችው አንዲት ክንድ ናት፤ እሷም የሰው። ምሬቱን እየዋጠ ነበር የሚኖረው። ሲውጡት የኖሩት ምሬት ደግሞ ሆድ ውስጥ ተኝቶ አይቀርም።

በመጨረሻ ነገሩን ያፈነዳው ሥልጠና ነው። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መጥቶ ሠራተኞቹ የመጀመሪያ እርዳታ እንዲማሩ አዘዘ። እትዬም ከውጭ አሠልጣኝ መፈለግ ምን ያስኬደኛል፣ ነፍስ አድን እያለልኝ አሉ። ይህን የሰማ ዕለት አናጢው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ ትተኩስ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገራት።

ካውያዋን አቆመች።

"እና ይሄን ሁሉ ዘመን ደብቀኸኝ?"

"ወንድምሽ ነው፤ ምን ልበል?"

"ወንድሜ ስለሆነ ነው መናገር የነበረብህ! በየሰዉ ቤት እንደዚያ ሲያወራ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ነገ ከሥልጠናው በፊት ለብቻው ንገረው። አደራህን፣ ሰው ፊት እንዳታዋርደው" አለችው።

በማግሥቱ አናጢው በማለዳ ግምጃ ቤት ሄደ። ነፍስ አድን ጢሙን ተላጭቶ፣ ጋዋኑን አስተኩሶ፣ ለራሱ ንግግር ይለማመዳል። "ጋሼ፣ ስለ አስተሳሰሩ አንድ ነገር..." ሲል፣ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! አንተን ነው ከፊት የማስቀምጥህ" ብሎ ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎት ወጣ።

ምሳ ቤቱ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። እትዬ ፋሻ አስገዝተው ለሁለት ለሁለት ሰው አንድ አንድ አድለዋል። ነፍስ አድን የራሱን ከደረት ኪሱ መዝዞ ዘረጋው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጨርቅ!" አለ ቫርኒሽ ቀቢው።

"ጨርቅስ ያንተ ሱሪ ነው። ይህ ባለሦስት ማዕዘን ፋሻ ይባላል። የተፈነከተ ራስ ይሸፈንበታል፣ የቆሰለ ጉልበት ይታሰርበታል፣ የተሰበረ ክንድ ይንጠለጠልበታል። አሁን ምስክሬን ልጥራ።"

አናጢው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ነፍስ አድን እየተረከ ፋሻውን እንደ ገመድ ጠመዘዘ፣ ያንኑ ክንድ ያዘ፣ ዙሪያውን ጠፈረ፣ ሳበ። ሠራተኞቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው እሱ እንዳደረገ ያደርጋሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋን ክንድ ትጠፍራለች። "ወይኔ እጄ!" ትላለች ያቺ። "ሲያምሽ እየሠራ ነው ማለት ነው!" ይላል ነፍስ አድን ከፊት።

"ጋሼ" አለ አናጢው በሹክሹክታ፤ "ፍታው።"

"ተጎጂ አይናገርም!" ሰዉ ሳቀ።

"ጋሼ፣ በናትህ ፍታው።"

"ዝም በል፣ ገና ቋጠሮው አለ።"

አናጢው ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ ሰው ያንን እየተማረ ነው። ነገ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ያስረዋል። ሚስቱ ያለችውም ትዝ አለው፤ ትዝ ያለው ግን አፉ ከተከፈተ በኋላ ነው።

"እንዲህ አይደለም የሚታሰረው!" ብሎ ጮኸ።

ነፍስ አድን ፋሻውን እንደያዘ ቀና አለ።

"ምን አልክ?"

"እንዲህ አይደለም። ፋሻው ይዘረጋል፣ ክንዱን ይሸከማል እንጂ አይጠፈርም። ያን ቀን ሐኪሙ ነው የነገረኝ።"

"ሐኪሙማ በጣም ጥሩ ነው ብሏል" አለ ነፍስ አድን፣ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ እንዳለ። "አንተው አይደለህ የነገርከኝ?"

"ዋሽቼህ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀው ቫርኒሽ ቀቢው ነው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ያንን ታሪክ ስንት ዓመት ሲጋቱ የኖሩ ሰዎች ሳቅ ነበር፤ እንባቸው እስኪፈስ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። እትዬ ራሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ነፍስ አድን ሳቁን የሰማ አይመስልም። ፋሻውን ቀስ ብሎ ፈታ። የአናጢውን እጅ አገላበጠና ትንሿን ጣት በጥፍሩ ጫን አደረጋት።

"ይሄ ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም ጋሼ።"

የቀለበት ጣቱን ያዘ።

"ይሄስ?"

"አይሰማኝም።"

እጁን ጭኑ ላይ መልሶ አስቀመጠለት፤ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያስቀምጡት፣ በቀስታ። ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

በሳምንቱ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ ሥልጠናውን ሰጠች። ልክ ሐኪሙ እንዳለው ነው፤ ዘርጉ፣ እቀፉ፣ ከፍ አድርጉ፣ ጣቶቹን እዩ። ነፍስ አድን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አዳመጠ። ሠራተኛው አናጢውን ባገኘው ቁጥር "አንበሳ! ገላገልከን!" እያለ ትከሻውን ይመታዋል። አናጢው መሳቅ ነበረበት። ዓመታት ሙሉ የተመኛት ጸጥታ መጣች፤ ጣዕሟ ግን እሬት ሆነበት። ሚስቱ በቃል አልተጣላችውም፤ ምሳውን ታቀርባለች፣ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ነፍስ አድን ዕቃ ሲያስረክበው "ስንት ምስማር?" ይለዋል፣ ከዚህ አያልፍም። ዓይኑን ከምስማሩ አያነሳም።

ቫርኒሽ ቀቢው ደግሞ አዲስ ስም አወጣ። ነፍስ አድንን ሲያይ "ነፍስ አጥፊ መጡ!" ይላል። አናጢው አንድ ቀን ይህን ሲሰማ መላጊያውን አስቀመጠና ሄዶ ፊቱ ቆመ።

"እኔ የወደቅኩ ቀን አንተ የት ነበርክ?"

"እዚሁ ነበርኩ፤ ምነው?"

"አዎ፣ እዚሁ ነበርክ። ብሩሽህን ይዘህ ቆመህ ነበር። ያ ስም ሁለተኛ ከአፍህ ይውጣና እንተያያለን።"

ስሙ ቀረ። ጸጥታው ግን አልቀረም።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት አናጢው ደጅ ተንኳኳ። ሚስቱ ገበያ ወጥታለች። ከፈተ። ነፍስ አድን ነው፤ ጋዋን አልለበሰም፤ ያለ ጋዋን ሰውነቱ ያነሰ ይመስላል። እጁ ላይ ከነላስቲኩ ያለ አዲስ ፋሻ ይዟል።

"ቁጭ በል" አለው። "ነርሷ ያሳየችውን ልሞክር።"

አናጢው ተቀመጠ። ነፍስ አድን ፋሻውን ደረቱ ላይ ዘረጋ፣ ክንዱን አሳቀፈው፣ መዳፉን ትንሽ ከፍ አደረገ፣ ጫፎቹን ወደ ትከሻው ጎን አምጥቶ ቋጠረ። አንድም ቦታ አልሳተም። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጎ ለቀቀና ደሙ ሲመለስ አየ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጭቃ ሆነህ ነበር ጋሼ። እስከ ጉልበትህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

ነፍስ አድን የፋሻውን ላስቲክ ከወለሉ ላይ አነሳና አጣጠፈው።

"እማማ ስትወድቅ ማን ያሰራት ይመስልሃል?"

እማማ የነፍስ አድንና የእህቱ እናት፣ የአናጢውም አማት፣ ከመሞታቸው በፊት ከነፍስ አድን ጋር ነበር የሚኖሩት። አናጢው ከዳነ በኋላ እሳቸውም መታጠቢያ ቤት ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሮ፣ እሱና ሚስቱ ሲደርሱ ጄሶ ታስሮላቸው ነበር ያገኟቸው። እጃቸው ከዚያ ወዲያ አልተዘረጋም፤ ሲኒ እንኳ መያዝ አቅቷቸው፣ በሰው እጅ እየጠጡ ነው የሞቱት። እርጅና ነው ተባለ፤ ያረጀ አጥንት ነው ተባለ።

"ሐኪሙ የእሷን ፋሻ ሲቆርጠው ፊቱን አየሁት" አለ ነፍስ አድን። "ምንም አላለኝም፤ ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት። ያኔ ጠረጠርኩ። ግን አንተን አሰብኩ። ያንተን ጊዜ ሐኪሞቹ በጣም ጥሩ ነው ብለዋል፣ ስለዚህ ጥፋቱ ከእኔ አይደለም አልኩ። በጠረጠርኩ ቁጥር አንተን አወራለሁ። ሰው ሲሰማኝ፣ አንተ አዎ ስትል፣ ትንሽ ቀለል ይለኛል።"

ታሪኩ ደም የገባበት፣ አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣው፣ ሐኪሙ እጅ ሊጨብጥ የመጣው መቼ ጀምሮ እንደሆነ ለአናጢው ገባው። ከእማማ ወዲህ ነው። ለዚያ ሰው ፊት ሲል የዋሻት አንዲት ቃል የት ደርሳ እንደተመለሰች ገባው። በዚህ ሁሉ ዓመት ሲውጠው የኖረው ምሬት የእሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

"ለእሷ ነግረሃታል?" አለ። ሚስቱን ማለቱ ነው።

"አልነገርኳትም። ዛሬ ልነግራት ነው የመጣሁት። እስክትመጣ ፈራሁና... እጄ ሥራ ይፈታል ብዬ ነው ፋሻውን ያመጣሁት።"

"እኔም እኩል ነው ያጠፋሁት ጋሼ። አብረን ነው የምንነግራት።"

ተቀምጠው ጠበቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። ነፍስ አድን መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የት እንደሚያደርጋቸው እንደጠፋው ሰው ያሻሻቸዋል። አናጢው አየውና ክንዱን ከፋሻው አወጣ።

"አምጣ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልሰርህ። እኔም መቻል አለብኝ።"

ፋሻውን የነፍስ አድን ደረት ላይ ዘረጋ። ቀኝ ክንዱን አሳቀፈው፣ መዳፉን ከፍ አደረገ። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ግን ግራ እጁ ከዳው፤ ሁለቱ ጣቶች ጫፉን ጠበቅ አድርገው መያዝ አልቻሉም፤ ጨርቁ ይሾልካል። ደግሞ ሞከረ፤ ሾለከ። ሲያልበው ነፍስ አድን ነጻ እጁን አነሳና አንዱን ጫፍ ያዘለት። አናጢው ሌላውን ሳበ። ቋጠሮው በሁለቱ እጅ ተቋጠረ።

ሚስቱ ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ወንድሟ ክንዱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው።

"ውይ! ምን ሆነህ ነው? ወደቅክ?"

"አልወደቅኩም የኔ እህት። ቁጭ በይ፤ የምንነግርሽ ነገር አለ።"

ነገሯት። አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይቀጥላል። ቆማ ነው የሰማችው፤ ዘንቢሏንም አላስቀመጠችም። ሲጨርሱ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስታለቅስ ይሰማቸው ነበር። ሁለቱም ከመቀመጫቸው አልተነሱም፤ መሄድም፣ መግባትም አልቻሉም። ብዙ ቆይታ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች። ሁለቱንም አላየቻቸውም፤ ግን ሾርባና ዳቦ አቀረበች፤ ለሦስት ሰው።

ነፍስ አድን በግራ እጁ መብላት ጀመረ። ማንኪያው መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሾርባው ይፈስበታል። አናጢው ሳህኑን ወደ ሰውየው አስጠጋለት፤ ዳቦውን እየቆረሰ በሚቀርበው በኩል አኖረለት። ሰውየው "ፍታኝ" አላለም፤ እሱም "ልፍታህ" አላለውም።